ለሽምብጥ ሰፈር ወላጆች፦ ስለ እሁዱ ስፒከር

ሰላም ቤተሰብ። እሁድ ሐይቅ ዳር ለልጆቹ በምናዘጋጀው ፕሮግራም ላይ የስፒከሩን ድምፅ እንድንቀንስ ልንወስን ይገባል።

ባለፈው ልጄ ስፒከሩ ሥር ስትጨፍር ዋለች። ማታ «እማዬ፣ ጆሮዬ ውስጥ ጢንዚዛ አለ» አለችኝ። እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። የውስጥ ጆሮ ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች የሚመክረው ጣሪያ በሳምንት ለ40 ሰዓት 75 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ) ነው። ድምፁ ከዚያ ሲጨምር ሰዓቱ በጣም ያጥራል።

የኔ ሐሳብ፦ ስፒከሩ ወደ ሐይቁ ይዙር፤ ልጆቹ ራቅ ብለው ይጫወቱ፤ በየመሃሉም ይጠፋ። የጆሮ መሸፈኛ ያላችሁ ለሕፃናቱ አምጡ፤ ጥጥ አይበቃም።

የምንገናኘው ከቀኑ 8 ሰዓት፣ የተለመደው ዋርካ ሥር ነው። የምትስማሙም የማትስማሙም እስከ ዓርብ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ፣ እባካችሁ።