ልጆቹ ደረጃውን ራሳቸው ይቁጠሩት፦ ለትምህርት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ ትምህርት ሚኒስቴር
ጉዳዩ፦ የተማሪዎች ፕሮጀክት ከክፍል ወጥቶ ቦታው ድረስ እንዲሄድ ስለመጠየቅ

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነኝ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ የአንድ ክፍል ተማሪዎች የፕሮጀክት ሥራ ተከምሯል። ሁሉም ያምራሉ። ፕሪንት ቤት ተጠርዘው፣ ሽፋናቸው ላይ የአክሱም ሐውልት ወይም የፋሲል ግንብ በቀለም ታትሞባቸው ነው የመጡት። ስገልጣቸው ግን አንዱን ወረቀት ደጋግሜ እያነበብኩ ያለሁ ነው የሚመስለኝ። ሐውልቱ 24 ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም ተወሰደ፣ በ2005 ተመለሰ፣ በ2008 ተተከለ። ልክ ነው፣ ስህተት የለበትም። አንዱ ልጅ የድረ ገጹን አድራሻ ከገጹ ግርጌ ሳያጠፋ አትሞታል። የሌላዋ አንቀጽ መሃል ላይ «ተጨማሪ ለማንበብ እዚህ ይጫኑ» የሚል መስመር ቀርቷል።

ልጆቹን አልወቅስም። «ስለ አንድ የኢትዮጵያ ቅርስ ጽፋችሁ አምጡ፣ ከአሥር ይያዛል» ብዬ ያዘዝኳቸው እኔ ነኝ። ተገልብጦ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ከሰጠነው ልጅ ይገለብጣል። ድሮ ከመጽሐፍ ይገለብጥ ነበር። ቀጥሎ ኢንተርኔት ቤት ሄደ። አሁን ስልኩ ራሱ አቀናብሮ ይጽፍለታል። ከዚህ በኋላ «ጽፋችሁ አምጡ» ማለት ብቻውን ማንንም አያስተምርም።

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ግን የተለየ ነገር አየሁ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም ያ ቀን ነው።

ተማሪዎቼን ይዤ ስድስት ኪሎ ሄድኩ። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አለ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሚገኝበት ማለት ነው። ከፊት ለፊቱ የትም የማያደርስ የሲሚንቶ ደረጃ ቆሟል። እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣና አየር ላይ ያልቃል። ያሠራው ጣሊያን ነው፣ በወረራው ጊዜ። ሙሶሎኒ እ.ኤ.አ. በ1922 ወደ ሮም ከዘመተ ወዲህ ለተቆጠረው ለያንዳንዱ የፋሽስት ዓመት አንድ ደረጃ አስቀምጧል። ጣሊያን ከተባረረ በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት።

ይህን ቀድሜ አልነገርኳቸውም። «ቁጠሩት፣ ከዚያ ምን ሊሆን እንደሚችል ገምቱ» አልኳቸው ብቻ። ቆጠሩ። አልተስማሙም። የታችኛው ይቆጠራል አይቆጠርም ብለው ተጨቃጨቁ፤ እንደገና ቆጠሩ። አንዱ «ያልተጨረሰ ፎቅ ነው» አለ። ሌላው «ንጉሡ ንግግር የሚያደርጉበት ይሆናል» አለ። ታሪኩን ስነግራቸው ሁሉም ጸጥ አሉ። ከኋላ የቆመች፣ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ «ቲቸር፣ ታዲያ ለምን አላፈረሱትም?» ብላ ጠየቀችኝ።

አልመለስኩላትም። ሌሎቹ ተቀበሏት። «መፍረስ ነበረበት» ያለ አለ። «ከፈረሰማ ምን ማስረጃ ይኖረናል?» ያለች አለች። አንዱ ደግሞ «አንበሳው ረግጦት ተቀምጧል እኮ፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈርሳል?» አለ። ፀሐይ ላይ ቆመው ሃያ ደቂቃ ያህል ተከራከሩ። ክፍል ውስጥ ስለ ወረራው ሳስተምር እንዲህ ያለ ክርክር አንድም ቀን ገጥሞኝ አያውቅም።

ያቺ ልጅ አራት ገጽ በእጇ ጽፋ አመጣች። ሽፋን የለውም፣ ከደብተሯ የተገነጠለ ወረቀት ነው። ጠላት የሠራውን ነገር ማቆየት መሸነፍ ነው ወይስ ማሸነፍ የሚለውን ወዲያና ወዲህ እያለች ታገላብጠዋለች። ስትወጣ ደግሞ በሩ ፊት ለፊት ያለውን የየካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት ቆም ብላ አይታዋለች። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የሆነውን ለፈተና ሸምድዳ ታውቀዋለች። በታክሲ በየቀኑ የምታልፈው ሐውልት የዚያ ቀን መሆኑን ግን አታውቅም ነበር። ሐውልቱ ላይ የተቀረጹትን ሰዎች አንድ በአንድ ገልጻ ጽፋቸዋለች። ከማን ትገለብጠዋለች? የራሷ ዓይን ነው።

እናንተ ፊት ያለው ትልቁ ጭንቀት ሌላ እንደሆነ አውቃለሁ። የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ስንሰማ እኛ መምህራንም ደንግጠናል። «ልጆቹ ማንበብና መጻፍ አቅቷቸው ሳለ አንተ ስለ ጉብኝት ታወራለህ» የሚለኝ ሰው ይኖራል። ባልደረቦቼም ብለውኛል። መልሴ ግን ያው ነው። ልጅ መጻፍ የሚለምደው የሚለው ነገር ሲኖረው ነው። ያቺ ልጅ አራት ገጽ ስትጽፍ ሰዋስው አስተምሬያት አይደለም። ጥያቄው ስላልለቀቃት ነው። በዚያው ወር ቤተ መጻሕፍት ገብታ ስለ ወረራው ዘመን ሁለት መጽሐፍ ተውሳለች። ማንበብ ይኸው አይደል?

ነገሩ የታሪክ ክፍለ ጊዜ ብቻ አይደለም። ሥነ ጽሑፍን እንውሰድ። ፍቅር እስከ መቃብር ላይ የምንሰጠው ጥያቄ ከዓመት ዓመት አንድ ነው፦ ዋና ገጸ ባሕርያቱን ዘርዝሩ፣ ጭብጡን ጻፉ። መልሱ ስልክ ውስጥ አለ። ነገር ግን ማንኩሳም ዲማም ጎጃም ውስጥ ያሉ እውነተኛ ቦታዎች ናቸው። ልጆቹ ካርታ ዘርግተው የሰዎቹን ጉዞ ከቦታ ቦታ ቢከተሉት፣ በእግር ስንት ቀን እንደሚወስድ ቢያሰሉት፣ መጽሐፉን ሳያነቡ ሊሠሩት አይችሉም። ለዲማ ቅርብ የሆነ ትምህርት ቤት ደግሞ ከካርታም አልፎ ቦታው ላይ ቆሞ ሊያነበው ይችላል።

ሥዕልም እንደዚሁ። አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ይሰፋል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በግንቦት 1955 ዓ.ም. የተመሠረተው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው። መስቀል አደባባይ አጠገብ የሚማር ልጅ ከዚህ ሥራ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው የሚርቀው። የሚያውቀው ግን መጽሐፍ ላይ ባለች፣ ቀለሟ በደበዘዘ ትንሽ ፎቶ ነው። ብርሃን የሚያልፍበትን ሥዕል በደበዘዘ ፎቶ እንዴት አድርጎ ይረዳው?

ሙዚየም የሌለበት አካባቢስ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙው ተማሪያችን ያለው እዚያ ነውና። ጢያ ያለ ልጅ የዓለም ቅርስ ሆነው የተመዘገቡ 36 ትክል ድንጋዮች ደጁ ላይ አሉ። ሐረር ያለ ልጅ በጀጎል በሮች ሲገባ ሲወጣ ያድጋል። የዓለም ቅርስ በሌለበትም ቢሆን የቦታ ስም አለ፣ አረጋዊ ሰው አለ።

አንድ ተማሪዬ ሰባራ ባቡር ነው የሚኖረው። «የሰፈራችሁ ስም ከየት መጣ?» የሚል ሥራ ሰጥቼ ነበር። እሱ ሐዲድ ላይ የተሰበረ ባቡር ነው ብሎ ነበር ያሰበው፤ ግን ሰፈሩ ውስጥ ሐዲድ የለም። ግራ ገባውና አያቱን ጠየቀ። ከገጠር የመጡ ሴት ናቸው። «ባቡር ማለት ወፍጮም ነው እኮ ልጄ፣ በእኛ አገር እህል ባቡር ቤት ነው የሚፈጨው» አሉት። ከዚያ ሌሎች ሽማግሌዎችን እየጠየቀ ደረሰበት። ባቡር ለካ ለሞተርና ለእንፋሎት ማሽን ሁሉ ይባል ነበር። የሰፈሩ ባቡር ደግሞ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ለመንገድ ሥራ የመጣ፣ ዛሬ ዳምጠው የምንለው ዓይነት የእንፋሎት ማሽን ነበር። እዚያ ተሰበረ፣ ሰፈሩም በዚያው ተጠራ። ልጁ ከአንድ ስም ተነስቶ የቋንቋ ታሪክም የከተማ ታሪክም ሠራ። ያወጣው የትራንስፖርት ወጪ የለም።

ይህ ዓይነቱ ሥራ ጊዜ አይሰጥም። አዲስ አበባ ውስጥ የቆዩ ሰፈሮች እየፈረሱ፣ ነዋሪዎቻቸው በየአቅጣጫው እየተዛወሩ ነው። አብረው ያረጁ ጎረቤታሞች ሲበተኑ ስሙን የሚያስረዳ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ዛሬ ልጆቹ ቢጠይቁ መልስ አለ።

ታዲያ መምህሩ ለምን አያደርገውም? ያን የስድስት ኪሎ ቀን ለማግኘት ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። ለትምህርት ቤቱ ማመልከቻ ጻፍኩ። ከዚያ ሌላ ቢሮ የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ አለኝ። ደብዳቤው ሲደርስ ማኅተም የሚያደርገው ሰው ስብሰባ ነው ተባልኩ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ሦስት ክፍለ ጊዜ ስለተቃጠለ ቅዳሜ ማካካሻ አስተማርኩ። ልጅ ቢጎዳ ተጠያቂው አንተ ነህ የሚል ወረቀት ላይም ፈረምኩ። ባልደረባዬ ይህን አይቶ «እኔ በሰላም ክፍሌ ውስጥ አስተምራለሁ» አለ። አልፈርድበትም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ እንዲህ ያለ ነገር ነው። በትምህርት ካላንደሩ ላይ በየሴሚስተሩ አንድ ቀን ለዚህ ይመደብ፤ መምህሩ የሚለምነው ሳይሆን እንደ ፈተና ቀን የታወቀ ይሁን። ፈቃዱ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ይለቅ፣ ርእሰ መምህሩ ይፈርም፣ ይበቃል። ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንና ሙዚየሞቹን ከሚያስተዳድሩት ተቋማት ጋር ተነጋግራችሁ ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ ከመምህሩ ጋር ሲመጣ በነፃ የሚገባበትን መንገድ በአንድ ሰርኩላር አሳውቁን። በአንዳንድ ቦታ ይህ ያለ ነገር ሊሆን ይችላል፤ እኛ ግን በር ላይ ነው የምንሰማው።

ከሁሉም በላይ ግን ተከታታይ ምዘናው ላይ እጃችሁን አስገቡ። ፕሮጀክት ሲታረም ሽፋንና ገጽ ብዛት ነጥብ አያስገኝ። ልጁ በዓይኑ ያየው፣ ሰው ጠይቆ የሰማው፣ ራሱ የተጠራጠረው ነገር ነጥብ ያስገኝለት። ለመምህራን በሥልጠና ወቅት እንዲህ ያለ ጥያቄ እንዴት እንደሚወጣ አሳዩን። እኔ ራሴ ለዓመታት አላውቅበትም ነበር። ደረጃው ፊት ለፊት ነው የተማርኩት።

አንድ ፍርሃት አለኝ፣ እሱንም ልናገር። ይህ ነገር መመሪያ ሆኖ ሲወርድ ተመልሶ ፎርም እንዳይሆን። የጉብኝት ሪፖርት፣ የተሳታፊ ዝርዝር፣ ሙዚየም በር ላይ የተነሳ የቡድን ፎቶ። እንዲህ ከሆነ ልጆቹ ሪፖርቱንም ይገለብጡታል። ሪፖርት ማየት ከፈለጋችሁ ከየትምህርት ቤቱ አምስት የተማሪ ጽሑፍ ይላክላችሁና አንብቡ። ማንበቡ ጊዜ ይወስዳል፤ ግን በአንድ ገጽ ብቻ ልጁ ሄዶ አይቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ታውቃላችሁ።

የዚያችን ልጅ አራት ገጽና የሰባራ ባቡሩን ልጅ ጽሑፍ፣ እነሱም ቤተሰቦቻቸውም ከፈቀዱ፣ ኮፒ አድርጌ ለመላክ ዝግጁ ነኝ። የማን ጠረጴዛ ላይ እንደማደርሰው ብቻ ንገሩኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የታሪክ መምህር