ሆቴል ብሎ ሽሮ ቤት? ምን ችግር አለው!

ይድረስ ለአዘጋጁ

እንዴት ሰነበታችሁ? በቀደም አንድ ጸሐፊያችሁ አልጋ የሌለው ቤት «ሆቴል» መባሉ ይብቃ ብሎ ሲቆጣ አነበብኩ። እንግሊዝኛውን አበላሽተነዋል ነው ነገሩ። እኔ እንግሊዝኛ ሳስተምር ነው ፀጉሬ የሸበተው፣ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

እዚህ ጎንደር መናኸሪያው አጠገብ ምሳ እየበላሁ አንድ ወጣት ፈረንጅ ትልቅ ቦርሳ ተሸክሞ ገባና «ሩም?» አለ። ቤቱ አራት ጠረጴዛ ነው ያለው፣ በሩ ላይ ግን ሆቴል ተብሎ ተጽፏል። ባለቤቷ «ጾም ነው ፍስክ?» አለችው። መሃል ገብቼ አልጋ ፈልጎ ነው ስላት ሳቀች። «አልጋማ ፔንሲዮን ይሂድ፤ እዚህ እኮ ሆቴል ነው!»

ጸሐፊያችሁ ቢኖር ራሱን ይይዝ ነበር። ግን ቃሉ መቼ አንድ ቦታ ተቀምጦ ያውቃል? ሥሩ የላቲኑ «ሆስፔስ» ነው፤ እንግዳውንም፣ እንግዳ ተቀባዩንም ይላል። ከዚያው ሆስፒታል ወጣ፣ ሆስቴል ወጣ፣ ሆቴል ወጣ። ሆቴል ማለት ፈረንሳዮች «ስ»ዋን የዋጧት ሆስቴል ነው። በፓሪስ ዛሬም «ኦቴል ደ ቪል» ብትባሉ አልጋ እንዳትጠይቁ፣ የከተማው ማዘጋጃ ቤት ነው። እንግሊዞች ቃሉን ለእንግዳ ማረፊያ የያዙት በ18ኛው መቶ ዓመት ነው፤ ትናንት ማለት ነው።

ሆስፒታልማ የባሰ ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ ሲገባ የመንገደኛና የችግረኛ ማረፊያ ነበር፣ ለሕመምተኛ ብቻ የሆነው በኋላ ነው። እንግሊዝ አገር በፈረንጆች 1552 የተመሠረተ «ክራይስትስ ሆስፒታል» የሚባል ቤት አለ፤ ትምህርት ቤት ነው። እስከ ዛሬ ያስተምራል፣ ስሙን ቀይር ያለውም የለም። ለንደን ያለው የቼልሲው «ሮያል ሆስፒታል» ደግሞ ጡረተኛ ወታደር ነው የሚኖርበት።

በጣም የምወደው ግን የፓሪሱን «ኦቴል ዲዩ» ነው። ስሙ ሆቴል፣ ሥራው ሆስፒታል፤ ወደ እኛ ሲመለስ «የእግዜር ቤት»። ባላገር ያደገ ሰው ይሄን ሲሰማ ምን ትዝ እንደሚለው ታውቃላችሁ? መሽቶበት ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» የሚለው መንገደኛ። ከውስጥ ደግሞ «ቤት የእግዜር ነው፣ ግባ» ይባላል። ፓሪስን ሳናይ እኮ ነው።

ዘመዱ ሁሉ ግን ደግ አይደለም። «ሆስታይል» ማለትም ጠላትነት ያለው የሚለው ቃል ከዚሁ ጎሳ ነው፤ «ሆስቲስ» በላቲን መጀመሪያ ባይተዋር ማለት ነበር፣ ኋላ ጠላት ሆነ። አማርኛችንም ቤት ለመጣው «እንግዳ» ይላል፣ ግራ ላጋባን ነገርም «እንግዳ ነገር» ይላል። ብቻ ጠላት እስከማለት አልደረስንም፣ ተመስገን።

ታዲያ ሆቴል እኛ ዘንድ እንዴት ምግብ ቤት ሆነ? ግምቴን ልንገራችሁ። ለመኝታው ከጣልያን የወረስነው «አልቤርጎ» ነበረን፣ አሁን ደግሞ ፔንሲዮን አለ፣ ያም ካልሆነ በሩ ላይ «አልጋ አለ» ብሎ መጻፍ ነው። አልጋውን ሌሎቹ ሲወስዱት ሆቴል እንጀራውን ይዞ ቀረ። በዚህ ምን ተበላሸ? ጸሐፊያችሁ ጎንደር ብቅ ቢል ያንኑ ሽሮ እጋብዘዋለሁ።

ፈረንጁ በመጨረሻ ተቀምጦ በላ። ሴትዮዋ ቦርሳውን ተቀብላ ከባንኮኒው ጀርባ አስቀመጠችለት። «እኔ ጋ ይቆይ በለው፣ አልጋ አግኝቶ ይምጣ» አለችኝ፤ ተረጎምኩለት።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር