አርሴናል ማለት መድፍ አይደለም

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበታችሁ፣ ባለፈው እትማችሁ "አርሴናል በእንግሊዝኛ መድፍ ማለት ነው" ብላችሁ ጽፋችኋል፣ አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። ሃያ ምናምን ዓመት አንጀቴን ያቃጠለኝ ቡድን ነው፣ ስሙን እንኳ በትክክል ጻፉልኝ እንጂ።

መድፍ ካነን ነው፣ ተኳሹ ጋነር፣ መድፈኞቹ የምንላቸውም ለዛ ነው። አርሴናል ግን መሣሪያ የሚሠራበትና የሚከማችበት ቦታ ነው፣ በኛ የመሣሪያ ግምጃ ቤት በሉት። ክለቡን በፈረንጆቹ 1886 የመሠረቱት ለንደን ዉሊች የነበረው የመንግሥት መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው፣ እንደውም የመጀመሪያ ስሙ ዳያል ስኩዌር ነበር፣ ፋብሪካው ውስጥ ያለ ወርክሾፕ ስም ነው። በ1913 ወደ ሃይበሪ ሲሄዱ ፋብሪካው እዛው ቀረ፣ ስሙና መድፉ አብሯቸው ሄደ።

የቃሉ አመጣጥ ደግሞ ይብሳል። ወንድሜ ሪያድ ጋራዥ ሲሠራ በደወልን ቁጥር "ሰናኢያ ነኝ" ይለን ነበር፣ እኛ የሰፈር ስም ብቻ ይመስለን ነበር። ለካ ሰናኢያ የመጣው ከሲናዓ ነው፣ ሲናዓ በአረብኛ ማምረት፣ የእጅ ሥራ ምናምን ነው፣ ዳር ደግሞ ቤት (ዳሬሰላም ላይ ያለው ዳር)፣ ስለዚህ ዳር አስሲናዓ ማለት የሥራ ቤት ነው በቃ። ቬኒሶች ቃሉን ወስደው የፊቷን ድምፅ ዋጥ አደረጓትና መርከብ የሚሠሩበትን ግቢ አርዘና አሉት፣ የጦር መርከብ ስለሚሠሩ መሣሪያውም እዛው ይከማች ነበር፣ እንግሊዝ ጋ ሲቆይ መርከቡ ተረሳና መሣሪያው ብቻ ቀረ። ያቺ የፊት ድምፅ ያልወደቀችበት ዳርሴና ዛሬም ጣሊያንኛ ውስጥ አለ፣ ወደብ ውስጥ መርከብ የሚቆምበት ነው፣ ጥይት የለ ምን የለ።

ግን በነሱ ብቻ አንሳቅ፣ የኛም ያው ነው። መሣሪያ ከሠራ ነው የመጣው፣ አናጢም አለው ሙዚቀኛም አለው፣ ሆኖም "ሰውዬው መሣሪያ ይዟል" ከተባለ መጋዝ ነው ወይ ክራር ነው ብሎ ቁጭ የሚል የለም፣ ሁሉም በሩን ነው የሚያየው።

እርማቱን እባካችሁ ቅዳሜ እትም ላይ አውጡት፣ ዲኤስቲቪ ቤት አብሮኝ የሚያይ የቼልሲ ደጋፊ ጓደኛዬ ጋዜጣችሁን ዘርግቶ አስይዞኝ ሁለት ማኪያቶ በልቶኛል።

አንባቢያችሁ ከሳሪስ