በርተን የባሕር ኃይል መኮንን አልነበረም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ሐረርን ስለጎበኙ የውጭ አገር ሰዎች ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ ሪቻርድ በርተን «ደራሲና የባሕር ኃይል መኮንን» ተብሎ አነበብሁ። በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር ገብቶ ዐሥር ቀን ሲቀመጥ የእንግሊዙ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የምድር ጦር መኮንን ነበር። የባሕር ኃይል ባልደረባ የነበረው የጉዞ ጓደኛው ሌተናንት ስትሮያን ሲሆን፣ እሱም ሐረርን ሳያይ በዚያው ዓመት በርበራ ላይ ሌሊት በተጣለባቸው አደጋ ተገድሏል።

ነገሩን ያነሣሁት ለእርማት ያህል ብቻ አይደለም፤ ማዕረጉም ብዕሩም በእርግጥ የሚገባው ሌላ ሰው እያለ ስሙ ከእኛ ዘንድ ፈጽሞ ስለማይነሣ ነው። ይኸውም የፈረንሳይ ባሕር ኃይል ሌተናንት የነበረው ቴዎፊል ሌፌቭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1839 ካርቲን ዲዮንና ፐቲ ከሚባሉ ሁለት ሐኪሞች ጋር በምጽዋ በኩል ደጃዝማች ውቤ ወደሚገዙት ትግራይ ገባና እስከ 1843 ድረስ በአገራችን ተዘዋወረ። ሐኪሞቹ ዕፅዋትና እንስሳት የሚሰበስቡ ነበሩ፤ ሁለቱም ግን ለአገራቸው አልበቁም። ካርቲን ዲዮን በመረብ ሸለቆ በንዳድ ሞተ፤ ፐቲን ደግሞ ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው።

ሌፌቭር የጉዞውን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1851 ፓሪስ ላይ በስድስት ቅጽና በአንድ ትልቅ የሥዕል ጥራዝ አሳተመ። የምድር ባቡር ሠራተኛ ሳለሁ በለቃቀምኋት ፈረንሳይኛ የመጀመሪያዎቹን ሁለት የታሪክ ቅጾች እየተንገዳገድሁም ቢሆን አንብቤአለሁ። ሦስተኛው መንገዱን፣ አየሩንና ቋንቋውን ይመዘግባል፤ መርከበኛነቱ ጎልቶ የሚታየኝም እዚያ ላይ ነው። ይበልጥ የማከብረው ግን የሚቀጥሉትን ቅጾች ለባለሙያ በመልቀቁ ነው። የጓደኞቹን የዕፅዋት ስብስብ አሺል ሪሻር የተባለው ሊቅ በሁለት ቅጽ ተነተነው፤ የሟቾቹም ስም ከሌፌቭር ስም ጋር በመጽሐፉ ፊት ገጽ ላይ ታተመ። በርተን እንዲህ ያለውን ልግስና ያደርግ ነበር ለማለት እቸገራለሁ።

ሪሻር ከድንብላልና ከእንስላል ቤተሰብ የሆነን አንድ የዕፅዋት ወገን በመርከበኛው ስም «ሌፌቭሬያ» ብሎ ሰይሞታል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ቀፊራ ገበያ ድንብላል ስገዛ አንዷን ፍሬ በጣቴ ፈትጌ ሳላሸት አልመለስም፤ ሻጯም «አባባ፣ ቅመም ነው እንጂ ሽቶ አይደለም» እያለች ትስቅብኛለች።

ሌፌቭር ሐረርን አላየም፤ ስለዚህ በጽሑፋችሁ ባይገባ ቅር አይለኝም። ሆኖም የባሕር ኃይል ሰው ካስፈለጋችሁ የሕንድ ባሕር ኃይል ሌተናንት ባርከር ነበረላችሁ፤ ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር ወደ ሸዋ መጥቶ፣ ስለ ሐረር አቀማመጥና በዙሪያዋ ስላሉ ጎሳዎች የጻፈው ዘገባ በርተን ከመምጣቱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1842፣ ለንደን ላይ ታትሟል።

ስለ በርተን የተጻፈው በሚቀጥለው እትም እንዲታረም፣ በታሪክ ዓምዳችሁም ከሌፌቭር የታሪክ ቅጾች ጥቂት ገጾች በአማርኛ ተተርጉመው እንዲወጡ በትሕትና እጠይቃለሁ። ተርጓሚ ከተገኘ በእጄ ያለውን ቅጂ ለማዋስ ፈቃደኛ ነኝ፤ ብቻ ሳይቆይ ይመለስልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የምድር ባቡር ሠራተኛ
ከድሬዳዋ