ለጠፋ ሰው ምን ይባላል?

ሰላም ወንድሜ፣

ስድስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ አሁን ድንገት ስጽፍልህ «ምን ነካው?» ማለትህ አይቀርም። ሰበብ አልደረድርብህም። ለምን እንደጠፋሁ ለራሴም የገባኝ በቅርቡ ነው።

የምኖርባት ከተማ አሜሪካ ሲባል እንደምታስባት አይደለችም። ትንሽ ናት። ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት አንድ ጥቁር ድንጋይ ቆሟል፤ አጠገቡ ማንም የማይቀመጥባት ወንበር አለች። ከበላያቸው ጥቁር ባንዲራ ይውለበለባል። አንገቱን የደፋ ሰው፣ ከኋላው የጥበቃ ማማ፣ እሾሃማ ሽቦ፣ ከሥሩ «አልተረሳችሁም» የሚል ጽሑፍ። መታሰቢያነቱ ለምርኮኞችና የደረሱበት ላልታወቀ ወታደሮች ነው። ባንዲራው ይኑር ብላ የተነሳችው ሜሪ ሆፍ የምትባል ሴት ናት። ባሏ አብራሪ ነበር፤ በቪየትናም ጦርነት ጊዜ፣ በ1970 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርህ)፣ ላኦስ ላይ ጠፍቶ ቀረ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ ስመለስ በዚያ አልፌያለሁ፣ ቆሜ ግን አላውቅም። በሴፕቴምበር ሦስተኛው ዓርብ፣ ቀናቸው ነው፣ ሰው ተሰብስቦ አየሁና ቆምኩ።

ክብ ጠረጴዛ ነጭ ጨርቅ ለብሷል። አንዲት ጽጌረዳ፣ የበራ ሻማ። ሳህኑ ላይ አንድ ቁራጭ ሎሚ፣ ከጎኑ ቁንጥር ጨው። ሎሚው የዕጣቸው ምሬት ነው፣ ጨው ደግሞ የቤተሰቡ እንባ። ብርጭቆው ተደፍቷል፤ ባለቤቱ የለማ፣ ማን ይጠጣበታል? ጨውን በጣቷ ቆንጥራ ያስቀመጠችው አንዲት አሮጊት ነበረች። እጇ እየተንቀጠቀጠ ጥቂት ጨርቁ ላይ ፈሰሰባት፣ አንድ በአንድ ለቅማ መለሰችው።

በኋላ አጠገቧ ቆሜ አወራን። ወንድሟ ኮሪያ ዘምቶ በ1950 ጠፋ። ያኔ ልጅ ነበረች። ሰባ ምናምን ዓመት አስበው! ከዚያ ጦርነት ብቻ ዛሬም ከ7,000 በላይ አሜሪካውያን የደረሱበት አይታወቅም፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ ያለው ሲደመር ከ80,000 ይበልጣል። እሷ ጉንጯን ከውስጥ በጥጥ አስጠርጋ ለምርመራ ሰጥታለች፤ አጥንት ከተገኘ ከእሷ ጋር ያመሳክሩታል። ሰሜን ኮሪያ በ2018 አጽም ያለባቸው 55 ሣጥኖች ስትመልስ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰዳትም። ስልኩ ግን አልጮኸም።

ዋሽንግተን ባለው የቪየትናም ግድግዳ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አለ። ከስሙ ጎን መስቀል ካለ ሰውየው አልተገኘም ማለት ነው። አጽሙ ከተለየ መስቀሉ ላይ የአልማዝ ቅርጽ ይቀረጽበታል። በሕይወት ከመጣ ግን መስቀሉ በክብ ይከበባል ተብሎ ገና ከመጀመሪያው ታስቦለታል። ግድግዳው ከቆመ ከ1982 ወዲህ አንድም ክብ አልተቀረጸም። እኔን የነካኝ ግን ማሰባቸው ነው፤ ለሚመጣ ሰው ምልክት አዘጋጅተው መጠበቃቸው።

ያን ቀን ማታ አንተና ታላቅ ወንድምህ፣ ወንድም ጋሼ፣ ትዝ አላችሁኝ።

ለሞተ «እግዜር ያጥናችሁ» ይባላል። ለተመለሰ «እንኳን ደስ ያላችሁ»። ለጠፋስ? ወንድም ጋሼ ከግንባር ሳይመለስ ሲቀር መርዶ አልመጣ፣ ድንኳን አልተጣለ፣ እናታችሁ ነጠላቸውን አላዘቀዘቁ። በደወልኩልህ ቁጥር «እሱስ?» ልልህ እፈልግና አፌ ላይ ይቀራል። ስለ ሥራ፣ ስለ አየሩ እናወራለን። ቀስ በቀስ ያንንም ተውኩት። አንተ ቅር እንደተሰኘህብኝ አድርጌ ለራሴ ነግሬው ነበር፤ ውሸት ነው። ፈርቼ ነው። ይቅር በለኝ።

አሮጊቷን «ስለ እሱ ሰው ሲጠይቅሽ አይከብድሽም?» አልኳት። «የሚከብደኝ ሳይጠይቁኝ ሲቀሩ ነው» አለችኝ።

እና ልጠይቅህ፤ ከእሱ ወሬ አለ ወይ? እናታችሁስ ምን ይላሉ? እኔ ዘንድ ያለው ወሬ ብስክሌት ሲያስተምረን ነው። ኮርቻውን ከኋላ ይዞ እየሮጠ «ይዤሃለሁ፣ ይዤሃለሁ» ይለኝ ነበር። ዞር ስል ለካ ከለቀቀኝ ቆይቷል፤ ሩቅ ቆሞ በሁለት እጁ ያጨበጭባል። አንተ ያኔ አጠገቡ ነበርክ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳለ እኔ አልሰማሁም፤ አንተ ሰምተህ ከሆነ ጻፍልኝ።