የጎንደርን ግንብ ለፔድሮ ፓኤዝ አትስጡት

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጅማ ውስጥ በግንበኝነት የምተዳደር የጋዜጣችሁ አንባቢ ነኝ። ሰሞኑን ከፋሲል ግንብ ፎቶ ሥር «ፖርቱጋሎች የሠሩት» ብላችሁ ጽፋችሁ ስላየሁ ነው መጻፌ።

ይህ ወሬ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ኢየሱሳውያን ከሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ቄስ በሆነው በፔድሮ ፓኤዝ ላይ ነው። ሲጀመር ሰውየው ስፔናዊ ነው። በ1603 (ዘመኑን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) አገራችን ገባ፤ በ1622 ጎርጎራ ላይ ሞተ። አፄ ፋሲል የነገሡት በ1632 ነው፤ ኢየሱሳውያኑንም ወዲያው ከአገር አስወጧቸው። ጎንደር የተቆረቆረችው ከዚያ ወዲህ ነው። ታዲያ ቱንቢውን ማን ጣለው? ሟቹ?

የሠራውን አልክድም። ጣና ዳር ለአፄ ሱስንዮስ ባለ ፎቅ የድንጋይ ቤተ መንግሥት ሠርቷል፤ ቤተ ክርስቲያንም አንጿል። መሐንዲሱም ጠራቢውም አናጢውም እሱ ነበር። መዶሻና መሮ አሠራር ሳይቀር ለሠራተኞቹ በእጁ እያሳየ አስተማረ። ሰዉም «ቤት ላይ ቤት» እያለ ሊያይ ይመጣ ነበር። ቄስ ሆኖ ድንጋይ የሚጠርብ ሰው እኔ በበኩሌ አከብራለሁ።

ግን ያ ቤተ መንግሥት ሲሠራ ኖራ ገና አልተገኘም ነበር፤ የጎንደር ግንብ ድንጋይ የተያያዘው ደግሞ በኖራ ነው። የራሳቸው የኢየሱሳውያኑ ጸሐፊዎች እንደሚሉት፣ ለኖራ የሚሆነውን ድንጋይ ለይቶ ያወቀው ፓኤዝ ሊሞት ሲል ከሕንድ የመጣ ባለሙያ ነው። ይህ ለሌላው ሰው ተራ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ለግንበኛ ግን ዋናው ጉዳይ ነው። እዚህ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ያሉትን አሮጌ ቤቶች ስንጠግን በኖራ የተያያዘው ድንጋይ ጠርዙ እንኳ ሳይነካ ይወጣል፤ ኋላ በሲሚንቶ የተደፈነው ግን እርጥበቱን አፍኖ ይዞ የድንጋዩን ፊት እያረገፈው ነው። የጅማን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል።

በ1648 ጎንደር የደረሰው የየመን መልእክተኛ አል ሐይሚም ቤተ መንግሥቱን አይቶ ሠሪው ሕንዳዊ መሆኑን ጽፏል። ከሥሩ ድንጋይ የተሸከሙት፣ የጠረቡትና ኖራ ያቃጠሉት ደግሞ የእኛው ሰዎች ናቸው፤ ስማቸውን የጻፈላቸው የለም እንጂ።

ስለ ኢየሱሳውያን መጻፍ ካማራችሁ ወደ እኛ ወገን ብቅ በሉ። አንቶኒዮ ፈርናንዴዝ በ1613 ዛሬ ኬንያ ውስጥ ወዳለችው የማሊንዲ ወደብ የሚያወጣ መንገድ ፍለጋ በጥንቱ የእናርያ መንግሥት በኩል ወርዶ፣ ጊቤን በተነፋ ቆዳ ተሻግሮ ወደ የሞች አገር ዘልቋል። ይህን እዚህ ጅማ ስንቱ ተማሪ ያውቃል?

የፎቶውን ጽሑፍ ግን በሚቀጥለው እትም አርሙልን። «በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ» ብትሉ ይበቃል።

አክባሪያችሁ፣
አንድ ግንበኛ ከጅማ