የሦስት ቀን አባት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሁለተኛዋ ልጄ የተወለደችው ዓርብ ከቀትር በኋላ ነው። ቀኑን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ እንደ እኔ በግል ድርጅት ተቀጥሮ ለሚሠራ አባት የሚሰጠው ፈቃድ ሦስት ተከታታይ ቀን ነው። ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ ተቆጥረው ሰኞ ማታ አለቀ። ይኸው አዋጅ ለሚያገባና ዘመድ ለሞተበት ሠራተኛ ሦስት የሥራ ቀን ይሰጣል። ለሙሽራና ለሐዘንተኛ የታሰበው ሰንበት ለአባት አልታሰበም።

ሦስት ቀን ሊጥ የሚቦካበት ጊዜ ነው። ይህንንም ያወቅሁት በቅርቡ ነው።

ከአምስት ዓመት በፊት የመጀመሪያው ልጃችን ሲወለድ ፈቃዴን የጨረስኩት ሳሎን ተቀምጬ «እንኳን ማርያም ማረቻት» የሚለውን ጠያቂ ስቀበልና ገንፎ ስበላ ነበር። ወደ ማድ ቤት ብቅ ስል አማቴ «ልጄ፣ አንተ ተቀመጥ፤ እዚህ ምን አለህ?» ይሉኛል፤ እኔም ደስ ብሎኝ እመለሳለሁ። እርሳቸው ወደ ደብረ ብርሃን ሲሄዱ ይሠሩት የነበረው ሁሉ ወደ ባለቤቴ ዞረ። ማንም «ይህ የአንቺ ነው» ያላት የለም። እርሷ ሥራውን ታውቀዋለች፣ እኔ አላውቀውም፤ በዚሁ አምስት ዓመት ኖርን። «አግዛታለሁ» እል ነበር። ሳህን ያጠብኩ ዕለት ደግሞ ለጓደኞቼ ሳልናገር አላድርም።

ዘንድሮ አማቴን ጉልበታቸውን አመማቸውና መምጣት አልቻሉም። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ቤት ዋልኩ። ማቡካት ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾ። ለካ ዋናው ድካም ያለው ቀን ቆጠራው ላይ ነው። በሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ነው። ማክሰኞ ሌሊት ጀሪካኑ ካልሞላ ረቡዕ አይቦካም፤ ረቡዕ ካልቦካ ቅዳሜ አይጋገርም። ቅዳሜ አብሲት ተጥሎ፣ ሊጡ ኩፍ ብሎ ሳለ መብራት ከጠፋ ደግሞ ይኮመጥጥና ሰኞ ለትልቁ ልጅ ምሳ ዕቃ የሚቋጠር ይታጣል። በዚያው በሌሊቱ ውሃ የሕፃኗ ጨርቅ ይታጠባል። ሽሮው ለስንት ቀን እንደሚበቃ፣ የዕድር መዋጮ የሚከፈልበት ቀን፣ የክትባቱ ቀጠሮ፣ ይህንን ሁሉ ባለቤቴ ሳትጽፈው ታስታውሳለች። እኔ አምስት ዓመት ሙሉ የማውቀው እንጀራ ሰፌድ ላይ ወጥቶ የሚታየውን ነው።

የመጀመሪያው እንጀራዬ ምጣዱ ላይ ተጣብቆ ቀረ። በጎመን ዘር መታሰስ እንዳለበት ማን ነገረኝ? ባለቤቴ መኝታ ቤት ተኝታ ከሽታው ብቻ አወቀች። አምስተኛው ላይ ዓይን አወጣ። ፎቶ አንሥቼዋለሁ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ባል ሠራተኛ ሊቀጥርላት ካልቻለ ሚስት የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ በግልጽ ያስገድድ ነበር። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህንን አስቀርቶ ባልና ሚስት ቤታቸውን በእኩልነት እንዲመሩ ደነገገ። የሦስት ቀኑ ፈቃድ ግን የቀድሞውን አንቀጽ በጎን መልሶ ያስገባዋል። እናት ከወለደች በኋላ 90 ቀን ቤት ትቆያለች፤ አባት በአራተኛው ቀን ይወጣል። በእነዚያ 90 ቀናት ማን ምን እንደሚሠራ ከተለመደ በኋላ በ91ኛው ቀን «እንካፈል» ማለት ቀልድ ነው። ስለዚህ አዋጁ ሲሻሻል የአባት ፈቃድ፣ ከእናትየው ሳይቀነስ፣ ቢያንስ አንድ ወር እንዲሆን እጠይቃለሁ።

የሥራ ባልደረቦቼ «አንድ ወር ቢሰጠን ግሮሰሪ ነው የምንጨርሰው» ብለው ሳቁብኝ። የሚጨርስ አይጠፋም። እኔም በመጀመሪያው ልጄ ጊዜ አንድ ወር ባገኝ ኖሮ፣ ገንፎውን አንድ ወር እበላ ነበር ብዬ እሰጋለሁ፤ የተማርኩት አማቴ ስላልመጡ ነው። ቢሆንም ጊዜው ሳይሰጥ የሚማረውና የማይማረው በምን ይለያል?

«ሠራተኛ ቅጠር» ያለኝም አለ። ይህ ሥራውን ከአንዲት ሴት ወደ ሌላዋ ማሻገር ነው፤ ያችኛዋን ደግሞ ይኸው አዋጅ ጭራሽ አይመለከታትም። ባሏ ገበሬ ለሆነው እናትም ሆነ ጉሊት ለምትቸረችረው የእኔ ጥያቄ የሚፈይደው እንደሌለ አልክድም። እኔ የማወራው ስለ ደመወዝተኛ አባቶች ነው፤ እኛ እንኳ ሰበብ እንድናጣ።

ልጄ 80 ቀን ሞልቷት ክርስትና የምትነሣው በመጪው እሑድ ነው። ባለቤቴ ከዚያ በኋላ አሥር ቀን ቆጥራ ሥራ ትገባለች። ከዓመት ፈቃዴ አንድም ቀን ስላልተረፈኝ የድግሱን ሊጥ የማቦካው ረቡዕ ማታ ከሥራ መልስ ነው፤ ማክሰኞ ሌሊት ውሃ ከመጣ።

የሁለት ልጆች አባት፣
ከአዲስ አበባ